ለከተማ ዳር ኑሮ የሚሆን ሰንጢ፦ ከስለቱ በፊት መታጠፊያውን እዩ

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በኮተቤ ካራ የሚኖር ሰው በሳምንት የሚቆርጠው ነገር መሀል ከተማ ካለው ዘመዱ ይበልጣል። የጤፍ ማዳበሪያ አፍ የተሰፋበት ሲባጎ አለ። ቤቱ ገና ያላለቀለት የሲሚንቶ ከረጢት ይከፍታል፣ የውኃ ጎማ ያሳጥራል። ዶሮ የሚያረባው የመኖ ጆንያ ይፈታል። ሐምሌ ሲገባ ችግኝ የሚተክል ሁሉ ጥቁሩን ፕላስቲክ ሥሩን ሳይነካ መሰንጠቅ አለበት። ቅዳሜ ማለዳ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ መናገሻ ሱባ የሚወጣው ደግሞ ዳቦ ይቆርሳል፣ ብርቱካን ይልጣል፣ ገመድ ይበጥሳል። ሰንጢ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ በመኪና ቁልፍ፣ በጥርሱ ወይም ባለቤቱ በምትሳሳለት የወጥ ቤት ቢላዋ ይወጣዋል፤ የሦስቱም መጨረሻ ጭቅጭቅ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም ከ9 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ስለት አይፈልግም። ገበያ ላይ ዓይን የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ የወጣለት፣ እጀታው ላይ የራስ ቅል የተሳለበት፣ ሲከፈት ድምፁ ሱቁን የሚሞላ። ገዢውም ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ወረቀት ይቆርጥበታል፣ ረክቶ ይከፍላል። እኔ ግን የሰንጢ ምርጫ ከስለቱ አይጀምርም ባይ ነኝ። የደነዘ ስለት ቤት ውስጥ በድንጋይ ይስተካከላል፤ ርካሽ ብረት እንኳን ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ ስለት ያወጣል። የሚወዛወዝ ወይም በግማሽ የሚቆለፍ መታጠፊያ ግን ቤት ውስጥ አይጠገንም፤ ሲከዳችሁም የሚቆርጠው ሲባጎውን ሳይሆን ጣታችሁን ነው።

መጀመሪያ ፍተሻው

ከመታጠፊያው በፊት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፦ ሰንጢውን ይዛችሁ የምትውሉት የት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ባንክ፣ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ትልልቅ ሆቴሎችና የገበያ ማዕከሎች የሚገባ ሰው ይፈተሻል። በደመራ፣ በጥምቀት፣ በኢሬቻና በስታዲየም በር ደግሞ ፍተሻው ይጠብቃል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስለት ያለው ነገር በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ በየቀኑ ከዳር ወደ መሀል የሚመላለስ ሰው ሰንጢውን ኪሱ ውስጥ አኑሮ ሊረሳው አይችልም። ፈታሽ የተረከበው ዕቃ ሁሉ ወደ ባለቤቱ ስለማይመለስ ውዱን ለቅዳሜ፣ ርካሹን ለሰኞ ማድረግ ብልህነት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰኞ ሰንጢውን ቤት ትቶ መውጣት ነው።

መልኩም ዋጋ አለው። መቀስና የጣሳ መክፈቻ ያለው ቀይ ሰንጢ ሲታይ ሰው ዕቃ ብሎ ያልፈዋል። ሹሉና ጥቁሩ ሰንጢ ግን የስለቱ ርዝመት ያው ቢሆንም እንኳን ጥበቃውም አጠገባችሁ የቆመውም ሰው በጦር መሣሪያ ዓይን ያዩታል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ብርቱካን ለመላጥ ሰንጢ የሚመዝ ሰው ብርቱካኑን ብቻውን ይበላል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ አይኖርም። ሰንጢ የሚገዛው ራሱን ለመከላከል የሆነ አንባቢ ደግሞ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል። ጠብ ውስጥ የተከፈተ ሰንጢ ወይ ሆስፒታል ወይ ወህኒ ቤት ያደርሳል፤ የትኛው ብራንድ እንደነበረም ማንም አይጠይቅም።

ወደ ውጭ የሚመላለስ ሰው የሚሄድበትን አገር ሕግ ማየት አለበት። ለምሳሌ በብሪታንያ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የስለቱ ጠርዝ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የሚታጠፍና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ተከፍቶ የሚቆለፍ ከሆነ ትንሽነቱ አያድነውም።

መታጠፊያው

በጣም ቀላሉ መቆለፊያ የሌለው ነው። ከጀርባው ያለው ሞላ ስለቱን ተጭኖ ይይዘዋል እንጂ አይቆልፈውም። ስትከፍቱትም ስትዘጉትም የሞላውን ጉልበት ጣታችሁ ላይ ትሰሙታላችሁ። ለመቁረጥ ምንም አይጎድለውም፤ ሽንኩርት ላይ ወይም ገመድ ላይ ስትጫኑት ጫናው ስለቱን ወደሚከፈትበት አቅጣጫ እንጂ ወደሚታጠፍበት አይገፋውም። አደጋው በጫፉ ስትወጉ ነው። ቀበቶ ላይ አንድ ቀዳዳ ልጨምር፣ የጀሪካን ክዳን ልብሳ ሲባል ስለቱ ይከዳና ጣት ላይ ይዘጋል። ለመብሳት ወስፌ አለ፤ ሰንጢ ለዚያ አልተሠራም። ይህን አንድ ደንብ የሚያከብር ሰው ለብዙ ዓመታት ቆልፎ የማያውቅ ሰንጢ ይዞ ሳይቆረጥ ይኖራል።

ሁለተኛው ባለ ቀለበቱ ነው። ስለቱ ሥር ያለችው የብረት ቀለበት ስትዞር የእጀታው መሰንጠቂያ ይደፈንና ስለቱ መታጠፊያ መንገድ ያጣል። ከሁሉም መቆለፊያ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱ ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ግልጽነቱ ነው። መቆለፉን ዓይን ያያል። የሱሉልታ ወይም የሰንዳፋ ጥቁር ጭቃ ቢገባበት በውኃ ይታጠባል፤ የተደበቀ ሞላ የለውም። ጉድለቱ ከሰው ነው፦ ቀለበቱን ማዞር የረሳ ሰው የያዘው መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ነው፤ እንዲያውም ጀርባው ላይ ሞላ ስለሌለው ከዚያም ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ጀርባው ላይ የሚቆለፈው ነው። እጀታው ጀርባ ያለ ዘንግ ስለቱ ሥር በተቆረጠች ጎድጓዳ ውስጥ ይገባና ያግደዋል፤ ለመዝጋት ዘንጉን በአውራ ጣት መጫን ያስፈልጋል። ጠንካራ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን ያቺ ጎድጓዳ የኪስ ብናኝ፣ የብርቱካን ጭማቂና የበጋ አቧራ ማከማቻ ናት። ቆሻሻው ከጠጠረ ዘንጉ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም። በየጊዜው በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ጎርጉሮ ማጽዳት የማይሰለቸው ሰው ይግዛው።

አራተኛው ዛሬ ገበያውን የሞላው ነው። ከእጀታው ውስጥ ካሉት ስስ የብረት ልባሶች አንዱ ወደ መሀል ተለጥጦ ስለቱ ሲከፈት ከኋላው ይገባል። በዛሬው መልኩ ያስፋፋው ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ሰንጢ ሠሪ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአንድ እጅ ይከፈታል፣ በአንድ እጅ ይዘጋል፤ በሌላው እጁ የችግኝ ፕላስቲክ ወይም የገመድ ጫፍ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲዘጋ ግን አውራ ጣት ራሱ ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ይቆማል፤ ልባሱን ገፍቶ፣ ስለቱ ትንሽ ከታጠፈ በኋላ ጣትን አውጥቶ መዝጋትን እጅ እስኪለምድ ድረስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጥሩ ሲሠራ አስተማማኝ ነው። ርካሹ ላይ ልባሱ ከቆርቆሮ የማይሻል ስስ ይሆንና ስለቱን በጠርዙ ብቻ ይነካዋል፤ ጫና ሲመጣ ይንሸራተታል። አንዳንዶቹ በስስ ልባስ ፈንታ የእጀታውን አንድ ጎን ራሱን መቆለፊያ ያደርጉታል፤ ያ ይጠነክራል፣ ይከብዳልም፣ ዋጋውም ይወጣል።

አምስተኛውን አልመክርም። ቁልፍ ሲጫኑት በሞላ ጉልበት የሚወረወረው ሰንጢ ኪስ ውስጥ ራሱ ሊከፈት ይችላል፤ በብዙ አገር ደግሞ ይዞ መገኘቱ ብቻ ያስጠይቃል። የጤፍ ማዳበሪያ ለመክፈት በቅጽበት መምዘዝ አያስፈልግም፤ ማዳበሪያው አያመልጥም።

ምን ምን አለ?

ቀዩን የስዊዝ ሰንጢ የማያውቅ የለም፤ አስመስለው የሠሩትን የገዛ ደግሞ ይበዛል። ካርል ኤልሰነር ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባክ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1884 ወርክሾፕ ከፈተ፤ በ1891 ለአገሩ ጦር የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ዛሬ የምናውቀውን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። ድርጅቱ ስሙን ያገኘው ከእናቱ ከቪክቶሪያና ከማይዝግ ብረት መጠሪያ ነው፤ ሁለቱ ተጣምረው ቪክቶሪኖክስ ሆኑ።

ይህ ሰንጢ በየመጠኑ ስለሚሸጥ ሰው ግራ ይጋባል። ሦስቱን ብቻ አስቡ። 58 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ትንሹ ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል ነው፤ ክብደቱ ከ20 ግራም ብዙም አያልፍም። ስለቱ ለካርቶንና ለደብዳቤ ነው፤ የሚጠቅመው መቀሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለሚውልና ሰንጢ አስፈልጎት ለማያውቅ ሰው ከዚህ አይለፍ። 91 ሚሊ ሜትሩ የቤት ነው። ስለቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የጣሳ መክፈቻ፣ ካቻቪቴ፣ ወረንጦ ይኖረዋል። ወረንጦው ከእጀታው ጫፍ ተመዝዞ የሚወጣ ስስ ነገር ነው፤ በእንጦጦ ቁጥቋጦ መሀል አልፎ እጁ ላይ የአጋም እሾህ የገባበት ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ቡሽ መንቀያው ጠጅ ለሚጠጣ አገር ምን ያደርጋል ሊባል ይችላል፤ የጠበቀ የገመድ ቋጠሮ ለመፍታት ግን የሚስተካከለው የለም። 93 ሚሊ ሜትሩ የአሉሚኒየም እጀታ አለው፤ ስለቱም ከቀዩ ወፈር ይላል። ጓሮ ለሚቆፍር፣ እጁ እርጥብ ወይም አፈር የነካው ለሚሆን ሰው ቀዩ ልሙጥ እጀታ ያንሸራትታል፤ የአሉሚኒየሙ እጀታ ግን ሸካራ ስለሆነ ይያዛል።

ብረቱ ለስላሳ ነው፤ የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ይውላል። ይህ ማለት ቶሎ ይደነዝዛል፣ ቶሎም ይሳላል። ለቤት ሰው ይህ ጉድለት አይደለም። ብረት ጠንከር ባለ ቁጥር ስለቱ ይቆያል፤ ሲደነዝዝ ግን ተራ ድንጋይ ይፈታተነዋል።

ሁለተኛው አማራጭ ኦፒኔል ነው። ከፈረንሳይ ሳቧ ተራራማ ክፍል የወጣ የገበሬ ሰንጢ ነው፤ ዦዜፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 ሠራው፤ ባለ ቀለበቱ መቆለፊያ የተጨመረለት በ1955 ነው። በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑ ይጨምራል። 8 ቁጥሩ 8.5 ሴንቲ ሜትር ስለት አለው፤ ክብደቱ 50 ግራም አይሞላም። ስለቱ ስስ ስለሆነ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ ላይ የሚደርስበት የለም። መንገድ ላይ ምሳ ለሚበላ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ስስነቱ ግን ዋጋ አለው፦ ጫፉን በሳጥን ክዳን ሥር ከትቶ መጠምዘዝ ጫፉን መስበር ነው።

የኦፒኔል ጠላት የአዲስ አበባ ክረምት ነው። እጀታው ቢች የሚባል የአውሮፓ እንጨት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አንቆ ይይዘዋል። ጥፍር እስኪነቀል ቢጎተት አይከፈትም። መፍትሔው በጉልበት አይደለም። ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ በፀሐይ ወይም በከሰል አጠገብ ከሆነ ይሰነጠቃል። ከመጀመሪያው ቀን መታጠፊያውን ዘይት ብታጠጡት ደግሞ ብዙ አይቸግርም። የሚገኘው ባብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ስለሆነ ስታዝዙ የማይዝገውን ወይስ ባለ ካርቦኑን እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ንገሩት። ለልጅ የሚሆን፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ 7 ቁጥር አለ፤ መፋቂያ መጥረብ የሚማር ልጅ ይዞት መቀመጥ ያለበት ይህን ነው፤ ቆሞ ወይም እየሄደ ግን አይደለም።

ሦስተኛው የቻይናው ወገን ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ዓለም ነው። ጋንዞንና ሳንረንሙን የመሰሉ፣ ስማቸውን ስለቱ ላይ ጽፈው፣ የብረቱን ዓይነት ጠቅሰው የሚሸጡ ሠሪዎች አሉ፤ እነዚህ በዋጋቸው ልክ ከሚጠበቀው በላይ ይሰጣሉ። ስም የሌለው፣ «ስቴይንለስ» ከሚል ቃል በቀር ምንም ያልተጻፈበት ደግሞ አለ። ስለዚህ «ቻይና ነው» የሚለው ፍርድ ብቻውን አይበቃም። ስም የሌለውን የምገዛው ለአንድ ሥራ ነው፦ ለሲሚንቶ ከረጢት። ሲሚንቶ ማንኛውንም ስለት ይበላዋል፣ ማንኛውንም መታጠፊያ ይሞላዋል፤ ለግንባታ ጥሩ ሰንጢ ማውጣት ብክነት ነው። እንዲያውም ለዚያ ሥራ ስለቱ እየተሰበረ የሚታደሰው የወረቀት መቁረጫ ይበልጣል።

ባክ 110 የሚባለውን አሜሪካዊ ሰንጢ አንዳንድ ሰው ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ፣ ጀርባው ላይ የሚቆለፍ፣ ነሐስና እንጨት የለበሰ ውብ ዕቃ ነው። 200 ግራም ይመዝናል። ኪስ ውስጥ ሱሪ ይጎትታል፤ ቀበቶ ላይ በቆዳ ሰገባ ሲንጠለጠል ደግሞ ከላይ ያልኩት የፍተሻው ነገር ይመጣል። ለአዳኝ ተሠርቷል፤ ለአዳኝ ይሁን።

ከሰንጢ ይልቅ ፒንሳ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እንዳሉም አትርሱ። ቲም ሌዘርማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት 600 አውሮፓን ሲዞር መኪናው እየተበላሸ አስቸገረው፤ ሰንጢ ነበረው፣ የቸገረው ፒንሳ ነበር። ከዚያ የወጣው ባለ ፒንሳ መሣሪያ በ1983 ገበያ ላይ ዋለ። ፊያት 600ን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ታሪኩን ማስረጃ ሳይጠይቅ ያምናል። የሱሉልታ ድርቆሽ ነጋዴ ወይም ላሞች ያሉት ሰው የድርቆሽ እስር ሽቦ በሰንጢ ሊበጥስ ሲታገል አይቻለሁ፤ ስለቱ ይሸረፋል፣ ሽቦው ይስቃል። የውኃ ታንከር፣ ጄኔሬተር፣ የሽቦ አጥር ያለው ቤት ባለ ፒንሳውን ይግዛ። ክብደቱ ግን እንደየዓይነቱ ከ200 ግራም በላይ ይሄዳል፤ የኪስ ሳይሆን የመኪና ዕቃ ነው። የሚያሳዝነው ርካሽ ቅጂው ፒንሳው ላይ መጥፎ መሆኑ ነው፤ ስትጨብጡት አፉ ይዛነፋል። ሙሉውን ዋጋ መክፈል ካልተቻለ ጥሩ ፒንሳና ጥሩ ሰንጢ ለየብቻ መግዛት ይሻላል።

የማይታጠፈውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የመርካቶ ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚያወጡት ቢላዋ ባሌስትራው በልኩ ከተጠበሰ ከብዙ የሱቅ ሰንጢ የተሻለ ብረት ነው። ለበዓል በግ፣ ለማገዶ ጭራሮ፣ ለባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያስፈልገው እሱ ነው። በሚታጠፍ ሰንጢ በግ ማረድና መግፈፍ የሚሞክር አለ፤ ደምና ጮማ መታጠፊያው ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰንጢ ብርቱካን የሚልጥ ሰው ሆዱን አያዝንለትም። ጾመኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ከንጽሕና በላይ ነው፤ በሥጋ የዋለ ሰንጢ ጾም ሲገባ በሚገባ መታጠብ አለበት፣ መታጠፊያው ደግሞ እንደ ልብ አይታጠብም። ለሥጋ የማይታጠፍ፣ ለቀረው የሚታጠፍ።

ይዝጋል ወይስ አይዝግም?

የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም ያለበት ነው፤ የሰንጢ ብረቶች ብዙውን ጊዜ ከ13 በላይ ይይዛሉ። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ስስ ሽፋን ይሠራና ዝገትን ይከለክላል። ፈጽሞ አይዝግም ማለት ግን አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ሰገባ ውስጥ ከከረመ ነጠብጣብ ያወጣል። ካርቦን ብረት ይህ መከላከያ የለውም። በሎሚና በቲማቲም አሲድ በመጀመሪያው ቀን ይጠቁራል፣ ፍሬውም ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። ጥቁረቱ አይጎዳም፤ እንዲያውም ከቀዩ ዝገት ይጠብቃል። ካርቦን በትንሽ ድካም ምላጭ የሚያህል ስለት ያወጣል፤ ስለት መሳል ለሚወድ ሰው ደስታ ነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ጭጋጉና ጤዛው በበጋም ጠዋት አይጠፋም። ሰንጢውን ተጠቅሞ ሳይጠርግ ኪሱ የሚከት ሰው ካርቦን አይግዛ። ለሚጠርገው ሁለቱም ይሆናሉ። ዘይት ስትቀቡ የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው፤ ስለቱ ምግብ የሚነካ ከሆነ ከመጠቀማችሁ በፊት ጥረጉት። የኑግ ዘይት አትቀቡ፤ ኑግ ሲቆይ እየደረቀ ሙጫ ይሆናል፣ መታጠፊያውን ያጣብቃል።

ለመሳል ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ፣ ሻካራና ለስላሳ፣ ይበቃል። ስለቱን በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ አዘንብሉት፤ መለኪያ የሌለው ሰው ስለቱን ቀጥ አድርጎ ያቁመው፣ ግማሽ ያዘንብለው፣ እንደገና ግማሽ ያዘንብለው፤ እዚያ ሲደርስ 22 ዲግሪ ተኩል ነው። ድንጋይ ከሌለ ሲኒ አለ። ሲኒው ሲገለበጥ ግርጌው ላይ ያለው ያልተለበጠ ቀለበት ሸካራ ነው፤ በእርሱ ላይ በቀስታ እያዘነበሉ መሳብ የደከመ ስለት ያነቃል። በመጨረሻ በቆዳ ቀበቶ የውስጥ ገጽ ላይ ወደ ኋላ መጎተት ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር መሳያ ላይ ግን ሰንጢ አትስጡ። ብልጭታው ያምራል፤ ሙቀቱ ግን የስሱን ጠርዝ ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ የዚያ ቦታ ብረት ስለት አይይዝም። ለመጥረቢያ እሺ።

ጫካ ስትገቡ ሰንጢው ሥራ የሚፈታበት ቦታ እንዳለም ይታወስ። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል፤ ጽዱና ዝግባው ላይ የፍቅረኛውን ስም የሚቀርጽ ሰው ግን ዛሬም አልጠፋም። ሰንጢ ለወደቀ እንጨት ነው።

ሱቅ ውስጥ

ስለቱ ታጥፎ ሳለ ከላይ ተመልከቱ። ከሁለቱ የእጀታ ጎኖች መሀል መቆም አለበት፤ ወደ አንዱ ካዘነበለ ሲከፈትና ሲዘጋ ልባሱን ይፍቃል። ክፈቱትና ጫፉን ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። ጥቂት መንቀሳቀስ ርካሹ ላይ ይጠበቃል፤ የሚንኳኳ ከሆነ መልሱት። ብሎኑ በካቻቪቴ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ተስፋ አለው፤ በተቀጠቀጠ ምስማር የተያያዘ ከሆነ ዛሬ ያለው ልቅነት ነገ ይብሳል። የሚቆለፍ ከሆነ ጣታችሁን ሁሉ ከስለቱ መንገድ አርቁና የስለቱን ጀርባ በባንኮኒው የእንጨት ጠርዝ ላይ በቀስታ ተጫኑት። መምታት አያስፈልግም። በዚህ ጫና የሚታጠፍ መቆለፊያ ጌጥ ነው።

በስዊዝ ሰንጢ ስም የሚሸጠውን ደግሞ አንድ በአንድ ክፈቱት። እውነተኛው ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ በእኩል ጉልበት ይከፈታል፣ በጠራ ድምፅ ይቆማል፣ በመሣሪያዎቹ መሀል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት የለም። መቀሱን ቀጭን ላስቲክ አስቆርጡት፤ አስመሳዩ ላስቲኩን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ስለቱ ሥር ያለው ጽሑፍ ተነቅሶ የገባ መሆን አለበት፤ በጥፍር የሚለቅ ቀለም ከሆነ ነገሩ አልቋል።

ሻጩ «ሳትከፍል አትክፈተው» ካለ ደህና ዋሉ ብላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ፤ መርካቶም ሾላም ሻጭ አያጡም።